ሚሞሪ ሞልቶ ሚሞሪ ሲጠፋ

ራስቤሪ ፓይ የምትባለው መዳፍ የምታህል ኮምፒውተር ለገበያ የቀረበችው እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2012 ነው። ሞዴል ቢ የተባለችው ዓይነት ዋጋዋ 35 ዶላር፣ ፕሮሰሰሯ 700 ሜጋኸርዝ፣ ሚሞሪዋ 256 ሜጋባይት ነበር። ልጆች ፕሮግራሚንግ እንዲማሩባት ታስባ የተሠራች ብትሆንም ብዙ ሰው የገዛት ለሌላ ሥራ ነው። ዲስክ ሰክቶ የቤቱ ፋይል ማስቀመጫ ያደረጋት፣ ፊልም ማጫወቻ ያደረጋት፣ ትንሽ ዌብ ሰርቨር ያቆመባት ጥቂት አልነበረም። ብዙም ሳይቆይ ታዲያ አንድ ዓይነት ብልሽት ከተለያዩ ተጠቃሚዎች ይሰማ ጀመር። አንድ ትልቅ ፋይል በኔትወርክ ወደ ማሽኗ ሲገለበጥ መጀመሪያ ላይ ያለ ችግር ይሄዳል። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ፍጥነቱ ይወርዳል፤ ከዚያም ቀጥ ይላል። ማሽኗ ራሷ አልሞተችም፤ ኪቦርድ ለሰካባት ትታዘዛለች። ኔትወርኩ ግን የለም።

ሎጉን የከፈተ ሰው የሚያገኘው ስክሪኑን ሞልቶ የሚያልፍ ጽሑፍ ነው። ከላይ «ፔጅ አሎኬሽን ፌይለር፦ ኦርደር 3» ይላል። ከሥሩ የፈንክሽን ስሞች ተደርድረዋል፤ ቀጥሎ የሚሞሪው ሁኔታ በቁጥር ይዘረዘራል። በመሀል በመሀል ደግሞ «ኬቨንት 2 ሜይ ሃቭ ቢን ድሮፕድ» የምትል አጭር መስመር እየተመላለሰች ትመጣለች። የመጀመሪያው መስመር ሚሞሪ ተጠይቆ አልተገኘም ማለት ነው። ግራ የሚያጋባው፣ እዚያው ሪፖርት ላይ ጥቂት ዝቅ ሲባል ነጻ ሚሞሪ መኖሩ በቁጥር ተጽፎ መገኘቱ ነው። ሜጋባይቶች ነጻ እያሉ 32 ኪሎባይት ብቻ የጠየቀ ድራይቨር፣ ማለትም የኔትወርኩን ሃርድዌር የሚያሠራው ፕሮግራም፣ ባዶ እጁን ተመልሷል።

እዚህ ላይ አብዛኛው ሰው ወይ የኔትወርክ ካርዱ ተበላሽቷል ይላል፣ ወይ ራም ያንሳል ብሎ ይደመድማል። ካርዱ ደኅና ነው። ራሙም ቢጨመር ብልሽቱ የሚመጣበትን ቀን ያራዝመው እንደሆነ እንጂ አያስቀረውም። ድራይቨሩ የተከለከለው ብዙ ስለጠየቀ አይደለም፤ የጠየቀው ቅርጽና የጠየቀበት ሰዓት ናቸው ጉዳዩን ያበላሹት። ይህንን ለመረዳት ከርነሉ ሚሞሪን እንዴት እንደሚያድል ቀረብ ብሎ ማየት ያስፈልጋል።

የሊኑክስ ከርነል፣ ማለትም የኦፐሬቲንግ ሲስተሙ አስኳል፣ ሚሞሪን የሚሰጠው በገጽ ነው። በዚህች ፓይም ሆነ በተለመዱት ፒሲዎች ላይ አንድ ገጽ 4,096 ባይት ነው፤ 4 ኪሎባይት እንላለን። ከአንድ ገጽ በላይ ለሚፈልግ የሚሰጠው በእጥፍ እያደገ ነው፦ 2፣ 4፣ 8፣ 16 እያለ ይቀጥላል። ኦርደር የሚባለው የዚህ እጥፍ ደረጃ ነው። ኦርደር 0 አንድ ገጽ፣ ኦርደር 1 ሁለት፣ ኦርደር 2 አራት፣ ኦርደር 3 ስምንት ገጽ ወይም 32 ኪሎባይት ይሆናል። አምስት ገጽ የሚበቃው ጠያቂም ስምንት ይዞ ይሄዳል፣ አራት አይበቃውምና።

የዚህ አሠራር ስም በዲ ሲስተም ነው። ሐሳቡን በ1963 ያመነጨው ሃሪ ማርኮዊትዝ ሲሆን፣ በ1965 አሠራሩን ጽፎ ያሳተመው ደግሞ ኬኔት ኖልተን ነው። ማርኮዊትዝ በኢንቨስትመንት ጥናቱ የ1990ን የኢኮኖሚክስ ኖቤል ሽልማት ከተካፈሉት አንዱ የሆነው ያው ሰው ነው። ስልቱ ቀላልና ብልህ ነው። እያንዳንዱ ቁራጭ ልክ የሱን ያህል የሆነ አንድ ጥንድ ጎረቤት አለው። ትልቁ ሲፈለግ ይሰጣል፤ ትንሽ ሲፈለግ ትልቁ ለሁለት ይከፈላል። ሁለቱም ጥንዶች ነጻ ሲሆኑ ተመልሰው አንድ ይሆናሉ። ሁለቱም ነጻ ሲሆኑ ብቻ! አንደኛው ላይ አንድ ሰው አንድ ገጽ ይዞ ከተቀመጠ፣ ሌላኛው ምንም ባዶ ቢሆን ትልቁ ቁራጭ ተመልሶ አይፈጠርም።

የተሰጡት ገጾች ደግሞ በአካላዊው ሚሞሪ ላይ ኩታ ገጠም መሆን አለባቸው። በገጠር ይህን ነገር ማስረዳት አያስፈልግም። በአምስት ስፍራ የተበታተነ መሬት ያለው ገበሬ ሲደመር አንድ ሄክታር ይኖረው ይሆናል፤ ትራክተር ሊያስገባበት ሲል ግን አንዱም ቦታ አይበቃም። ሄክታሩ በመዝገብ ላይ አለ፣ ለትራክተሩ ግን የለም። ከርነሉም «ነጻ» ብሎ የሚደምረው በየቦታው የተበተነውን ሁሉ ነው፤ ድራይቨሩ የሚፈልገው ግን ስምንት ተያይዘው የተቀመጡ ገጾችን ነው።

ተራ ፕሮግራሞች በዚህ ችግር አይነኩም። ብሮውዘር ወይም ዳታቤዝ መቶ ሜጋባይት ሲጠይቅ ከርነሉ ከየትም ከየትም ገጽ እየለቀመ በካርታ ያያይዝለታል፤ ፕሮግራሙ ሁሉንም በተከታታይ አድራሻ ያየዋል። ሃርድዌር ግን ያንን ካርታ አያይም። በፓይ ላይ ያለው የዩኤስቢ መቆጣጠሪያ ዳታውን በቀጥታ በአካላዊ አድራሻ ሚሞሪ ላይ ይጽፋል፤ የሚሰጠው በፈር፣ ማለትም የዳታ መቀበያ ቦታ፣ መነሻውና መጨረሻው አንድ ወጥ እንዲሆን የሚጠበቀው ለዚህ ነው።

የተበታተነውን ሚሞሪ በዓይን ማየት ይቻላል። በሊኑክስ ውስጥ በፕሮክ ማውጫ ሥር በዲኢንፎ የሚባል ፋይል አለ። ሲከፈት ለእያንዳንዱ የሚሞሪ ዞን አንድ መስመር ያሳያል፤ በመስመሩ ላይ ያሉት ቁጥሮች ከግራ ወደ ቀኝ የኦርደር 0፣ የኦርደር 1፣ የኦርደር 2 እያሉ ስንት ነጻ ቁራጭ እንዳለ ይናገራሉ። ለምሳሌ ያህል መስመሩ 1840፣ 611፣ 37፣ ከዚያ በኋላ እስከ መጨረሻው ዜሮ ብቻ ቢሆን፣ ስሌቱ ይህ ነው። 1,840 ቁራጭ በ4 ኪሎባይት 7,360 ይሆናል። 611 በ8 ደግሞ 4,888፣ 37 በ16 ደግሞ 592። ድምሩ 12,840 ኪሎባይት፣ ከ12 ሜጋባይት በላይ ነው። የ32 ኪሎባይትን ጥያቄ 400 ጊዜ ሊመልስ የሚችል ሚሞሪ ቁጭ ብሏል። ነገር ግን አራተኛው ቁጥር ዜሮ ነው፤ አንድም ኦርደር 3 የለም። ስለዚህ አንዲት ጥያቄ እንኳ አትመለስም። ሎጉ ላይ ኦርደር 3 ካነበብን በኋላ ዓይናችን መሄድ ያለበት ወደ ጠቅላላው ድምር ሳይሆን ወደዚህች አራተኛ ቁጥርና ከእሷ በስተቀኝ ወዳሉት ነው።

ይህ የጉዳዩ ግማሽ ነው። ሌላው ግማሽ ሰዓት ነው።

አንድ ተራ ፕሮግራም ሚሞሪ ጠይቆ ወዲያው ባይገኝ ከርነሉ ጠያቂውን ያስተኛዋል፤ እሱ ተኝቶ ሳለ ከርነሉ ሥራ ይሠራል። የማያስፈልግ የፋይል ቅጂ ከሚሞሪ ያወጣል፣ ያልተጻፈ ዳታ ወደ ዲስክ ይገፋል፣ ከ2010 ወዲህ ደግሞ፣ ማለትም ከከርነል 2.6.35 ጀምሮ፣ ገጾችን ከቦታ ቦታ አዛውሮ ክፍት ቦታውን ወደ አንድ ጎን መሰብሰብ ይችላል። ቦታው ሲገኝ ጠያቂውን ይቀሰቅሰዋል። ጠያቂው ጥቂት ሚሊሰከንድ ተጎዳ እንጂ ሌላ ምንም አልሆነም።

የኔትወርክ ድራይቨር ይህ ዕድል የለውም። ፓኬት ሲደርስ ሃርድዌሩ ፕሮሰሰሩን በኢንተራፕት ያቋርጠዋል፤ ፕሮሰሰሩ የያዘውን ሥራ ጥሎ ወደ ድራይቨሩ ይገባል። ድራይቨሩ የመጣውን ዳታ አንስቶ ለሚቀጥለው አዲስ በፈር ማዘጋጀት ያለበት እዚያው፣ በዚያች ቅጽበት ነው። በኢንተራፕት ውስጥ መተኛት ክልክል ነው፤ የሚያስተኙት ነገር የለምና፣ ፕሮሰሰሩ ራሱ ነው ተይዞ ያለው። ስለዚህ ድራይቨሩ ሚሞሪ ሲጠይቅ «አሁን ካለህ ስጠኝ፣ ከሌለህ ወዲያው ንገረኝ» ይላል። ይህ ጥያቄ አቶሚክ ይባላል። ከርነሉ ለአቶሚክ ጠያቂዎች ብሎ ሌላው የማይነካው ጥቂት መጠባበቂያ ይይዝላቸዋል፤ ከዚያ በላይ ግን ሊረዳቸው አይችልም። ማጽዳትም፣ ማዛወርም፣ መጠበቅም የለም።

ሰዓቱ ምን ያህል አጭር እንደሆነ ማስላት ይቻላል። በ100 ሜጋቢት ኢተርኔት ላይ ሙሉ መጠን ያላቸው ፍሬሞች፣ ማለትም ፓኬቶቹ በመስመሩ ላይ የሚጓዙባቸው ጥቅሎች፣ ተከታትለው ሲመጡ በሰከንድ ወደ 8,100 ይደርሳሉ። በአንዱና በሌላው መካከል ያለው ጊዜ ከ125 ማይክሮሰከንድ ያነሰ ነው። በአንድ ጊጋቢት መስመር ይህ በአሥር እጥፍ ያጥራል።

አሁን የፓይዋን ሁኔታ እናስብ። ትልቅ ፋይል በኔትወርክ እየገባ ነው። የገባው ሁሉ ወደ ኤስዲ ካርዱ እስኪጻፍ ድረስ ሚሞሪ ውስጥ ይቆያል፤ ኤስዲ ካርድ ደግሞ በጽሑፍ ላይ ቀርፋፋ ነው። ስለዚህ የመጡት ፓኬቶች ይዘውት የመጡት ዳታ ራሱ ሚሞሪውን ገጽ በገጽ እየበላ ይሄዳል፤ ለሚመጡት ፓኬቶች የሚያስፈልገው ቦታ የሚጠፋው ቀድመው በመጡት ነው። ከርነሉ ከበስተኋላ የሚያጸዳ ኬስዋፕዲ የሚባል ሠራተኛ አለው፤ ነጻው ሚሞሪ ከተወሰነ መጠን ሲወርድ ይነቃል። ግን 700 ሜጋኸርዝ ላይ የሚሠራው አንድ ፕሮሰሰር በኢንተራፕት ተጠምዶ ሳለ ይህ ሠራተኛ ተራ የሚያገኘው ዘግይቶ ነው።

እዚህ ላይ ትጉህ አንባቢ አንድ ጥያቄ ማንሳቱ አይቀርም። የኢተርኔት ፓኬት 1,500 ባይት ነው፤ በአንድ ገጽ ውስጥ ሁለት ይገባል። ታዲያ 32 ኪሎባይት ለምን ተፈለገ?

መልሱ ፓይዋ ከተሠራችበት መንገድ የሚመነጭ ነው። ሞዴል ቢ የራሷ የኔትወርክ ካርድ የላትም። ላን 9512 የምትባል ቺፕ አለች፤ እሷ የዩኤስቢ ማከፋፈያም፣ የኢተርኔት ካርድም ናት፣ ከፕሮሰሰሩ ጋር የምትገናኘውም በዩኤስቢ ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ ፓኬት በዩኤስቢ ዝውውር ውስጥ ያልፋል፤ እያንዳንዱ ዝውውር ደግሞ ፕሮሰሰሩን ያደክማል። የድራይቨሩ ጸሐፊዎች ለዚህ መፍትሔ አዘጋጅተው ነበር፣ ቱርቦ ሞድ ይሉታል። ቺፕዋ ፓኬቶችን አንድ በአንድ ከመላክ ይልቅ ሰብስባ በአንድ ዝውውር ትልካለች። ለዚህ የሚያስፈልገው በፈር 16 ኪሎባይት ሲደመር አምስት የዩኤስቢ ፓኬት እያንዳንዱ በ512 ባይት ነው፦ 16,384 እና 2,560፣ በድምሩ 18,944 ባይት።

ይህችን ቁጥር ልብ ይሏል። 16 ኪሎባይት በኦርደር 2 የሚሸፈን መጠን ነው። 18,944 ግን ያንን በትንሹ አለፈች፤ በእጥፍ በሚያድግ ሥርዓት ውስጥ በትንሹ ማለፍና በብዙ ማለፍ አንድ ነው። ጥያቄው ወደ ኦርደር 3 ዘለለ። ለእያንዳንዱ በፈር ስምንት ኩታ ገጠም ገጽ ይያዛል፤ ከዚያ ውስጥ ከ13 ሺህ ባይት በላይ የሚሆነው ለፓኬት ዳታ አይውልም። ሚሞሪው በጊጋባይት በሚቆጠር ፒሲ ላይ ይህ ማንም የማያየው ብክነት ነው፤ ድራይቨሩም ሲጻፍ ይታሰብ የነበረው እንዲህ ያለው ማሽን ሳይሆን አይቀርም። ከ256 ሜጋባይቷ ላይ ለግራፊክስ ተቀንሶባት በቀረችው ፓይ ላይ ግን ይህቺው ትርፍ ኔትወርክ አቋረጠች። አንድ ቁጥር በኮድ ውስጥ ስናስቀምጥ ከሥሩ ያለው አዳይ በምን ልክ እንደሚሰጥ ማወቅ ግዴታችን ነው የምለው ይህንን ስለማይ ነው።

ወደ ሎጉ እንመለስ፣ አነባበቡ ራሱን የቻለ ሙያ ነውና። የመጀመሪያው መስመር ላይ የአንድ ፕሮግራም ስም ይጻፋል፤ አንዳንዴ ስዋፐር፣ አንዳንዴ ፋይሉን የሚቀበለው ሰርቨር፣ አንዳንዴ ጭራሽ የማይገናኝ ነገር። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ያ ስም የጥፋተኛው ስም አይደለም፤ ኢንተራፕቱ ሲመጣ ፕሮሰሰሩ ላይ የነበረው ፕሮግራም ስም ነው። ስዋፐር የሚለው ደግሞ ፕሮሰሰሩ ሥራ ፈትቶ ሲቀመጥ የሚይዘው ስም ነው፤ ከስዋፕ ፋይል ጋር አያያይዙት። እውነተኛው ጠያቂ የሚገኘው ከሥሩ በተደረደሩት የፈንክሽን ስሞች ውስጥ ነው፤ ከላይ ወደ ታች ሲነበቡ የሚሞሪው አዳይ ስሞች ያልፉና የድራይቨሩ ስም ብቅ ይላል። በፓይዋ ጉዳይ ላይ ኤስኤምኤስሲ95 ብሎ የሚጀምረው ድራይቨርና የዩኤስቢ ኔትወርኮች ሁሉ የሚጋሩት ዩኤስቢኔት የሚባለው ክፍል ናቸው። ከዚያ ቀጥሎ መታየት ያለበት ኦርደሩ፣ ከኦርደሩ አጠገብ ደግሞ ሞድ ተብሎ የተጻፈው ነው፤ አዳዲስ ከርነሎች አቶሚክ መሆኑን በስሙ ይጽፉታል።

ኦርደሩ ዜሮ ከሆነ ታሪኩ ሌላ ነው። አንድ ገጽ እንኳ ካልተገኘ መበታተን ሊወቀስ አይችልም፤ ወይ ድንገተኛ የፓኬት ጎርፍ መጠባበቂያውን ጨርሶታል፣ ወይ ደግሞ የሆነ ቦታ የተወሰደ ሚሞሪ ሳይመለስ እየቀረ ነው። ሁለቱን መለየት ከባድ አይደለም፤ ፋይል ዝውውሩ ቆሞ ማሽኑ ካረፈ በኋላም በከርነሉ የተያዘው ሚሞሪ በየሰዓቱ እያደገ ከሄደ የሚፈስ ነገር አለ።

«ኬቨንት 2» የምትለዋስ? ዩኤስቢኔት ውስጥ ለሌላ ጊዜ የሚቆዩ ሥራዎች ቁጥር አላቸው፤ 2 ቁጥር «ለመቀበያ የሚሆን ሚሞሪ አጣሁ» የሚለው ነው። ድራይቨሩ በኢንተራፕት ውስጥ በፈር ሲያጣ ሥራውን መተኛት ለሚችል ሠራተኛ ያስተላልፋል፤ ያ ሠራተኛ እየጠበቀ ሚሞሪ መጠየቅ ይችላል። መልካም አስተሳሰብ ነው። መስመሯ ሎጉ ላይ የምትመጣው ያ ሥራ ገና በወረፋ ላይ ሳለ እንደገና ሲጠየቅ ነው። ስለዚህ በሰከንድ ውስጥ ደጋግማ ስትታይ የምትነግረን ድራይቨሩ ሚሞሪ ደጋግሞ እያጣ መሆኑን ነው። ሁለቱ መልእክቶች የአንድ ሕመም ሁለት ምልክቶች ናቸው።

ከመፍትሔዎቹ ሁሉ በብዛት የተሰራጨው መጠባበቂያውን ማሳደግ ነው። ከርነሉ ለድንገተኛ የሚይዘውን መጠን በአንድ ቁጥር ይቆጣጠራል፤ ሚን ፍሪ ኪሎባይትስ ይባላል። ማሽኑ ሲነሣ ይህን ቁጥር ራሱ ያሰላዋል፤ ስሌቱም የሚሞሪው መጠን በኪሎባይት ተወስዶ ካሬ ሩቱ በአራት ሲባዛ የሚገኘው ነው። ለ256 ሜጋባይት 2,048 ኪሎባይት፣ ለ1 ጊጋባይት 4,096፣ ለ16 ጊጋባይት 16,384 ይወጣል። ሚሞሪው በአራት እጥፍ ሲያድግ መጠባበቂያው የሚያድገው በሁለት እጥፍ ብቻ መሆኑን እናያለን። በፓይ ተጠቃሚዎች ዘንድ ይህንን ወደ 8,192 ማሳደግ የተለመደ ሆነ፤ ጠቅሟቸዋልም። ቁጥሩ ሲያድግ ኬስዋፕዲም ቀደም ብሎ ይነቃል፣ ብዙ ገጽ ነጻ ሲሆን ደግሞ ኩታ ገጠም የመገኘቱ ዕድል ይጨምራል። ይጨምራል እንጂ አይረጋገጥም። ከልክ በላይ ያሳደገው ሰው ደግሞ ለፕሮግራሞች የሚቀረውን ሚሞሪ አጥብቦ፣ ከርነሉ ፕሮግራም እየመረጠ ወደ መግደል እንዲሄድ ሊያደርገው ይችላል። በትንሽ ማሽን ላይ ይህ ከኔትወርኩ መቋረጥ የባሰ ነው።

ሁለተኛው መፍትሔ ከርነሉ ክፍት ቦታዎቹን አሁኑኑ እንዲሰበስብ ማዘዝ ነው፤ ኮምፓክት ሚሞሪ በሚባለው መቆጣጠሪያ ፋይል ላይ 1 መጻፍ ይበቃል። የበዲኢንፎ ቁጥሮች ዓይናችን እያየ ወደ ቀኝ ይንቀሳቀሳሉ። ምርመራ ላይ ሳለን ይህ ጥሩ ማስረጃ ነው፦ ከዚያ በኋላ ብልሽቱ ለጊዜው ከጠፋ፣ መንስኤው መበታተን መሆኑ ተረጋገጠ ማለት ይቻላል። በየሰዓቱ እንዲደጋገም አድርጎ መተው ግን ሕመሙን በማስታገሻ መያዝ ነው።

እኔ የማምንበት ሦስተኛውን ነው፤ ጥያቄውን ማሳነስ። በፓይዋ ጉዳይ ላይ ይህ በአንድ ቃል የሚፈጸም ነበር። ማሽኗ ስትነሣ ከርነሉ በሚያነበው የትእዛዝ መስመር ላይ ቱርቦ ሞድ ይጥፋ ተብሎ ሲጻፍ የድራይቨሩ በፈር ከ18,944 ወደ 2,048 ባይት ይወርዳል። ከርነሉ በፓኬቱ ላይ የሚያስቀምጠው የራሱ መዝገብ ተጨምሮበትም በአንድ ገጽ ውስጥ ያልቃል። አንድ ገጽ ለመስጠት ኩታ ገጠም መፈለግ አያስፈልግም፤ ከላይ ባየነው ምሳሌ ላይ 1,840 ነጠላ ገጾች ተቀምጠው ነበር። ዋጋው ዝውውሮች በዝተው ፕሮሰሰሩ ትንሽ መድከሙ ነው። በአማካይ ትንሽ ዝግ ብሎ ሳያቋርጥ የሚሠራ ኔትወርክ፣ ፈጥኖ ከሚሞት ኔትወርክ በሁሉም መልኩ ይሻላል።

ይህ የድሃ ማሽን ችግር ብቻ እንዳይመስለን። ከፓይዋ በፊት ብዙ ጊጋባይት በያዙ ሰርቨሮች ላይ የኢንቴል ኢ1000 ድራይቨር ይህንኑ መንገድ ሄዶበታል። የፍሬሙ መጠን ወደ 9,000 ባይት ሲያድግ፣ ጃምቦ የሚባለው ማለት ነው፣ ካርዱ የሚቀበለው በፈር በእጥፍ የሚያድግ መጠን ብቻ ስለነበር 8 ኪሎባይት አይበቃውም፣ 16 ይጠይቃል። ከርነሉ በፓኬቱ መጨረሻ ላይ የሚያስቀምጠው የራሱ መዝገብ ሲጨመርበት 16ም ያልፋል፣ ወደ 32 ይገባል። ለ9 ሺህ ባይት 32 ሺህ! ሚሞሪው የቱንም ያህል ቢበዛ፣ ለሳምንታት ሳይጠፋ በሠራ ሰርቨር ላይ ኦርደር 3 በአቶሚክ ማግኘት ዋስትና የለውም። መፍትሔው በኋላ የመጡት ድራይቨሮች የተከተሉት ነው፤ አንዱን ትልቅ ፍሬም በተለያዩ ነጠላ ገጾች ላይ ከፋፍሎ መቀበልና ከላይ ላለው ክፍል እንደ አንድ ፓኬት ማቅረብ።

ከመጠኑ ሌላ ድራይቨሩ የሚሞሪ እምቢታን የሚቀበልበት መንገድም ወሳኝ ነው። የተለመደው የኔትወርክ ካርድ የመቀበያ በፈሮቹን በክብ ሰልፍ ያሰልፋል፣ ሪንግ ይባላል፤ ለምሳሌ 256 ቦታ ይኖረዋል። ካርዱ አንዱን ሞልቶ ወደሚቀጥለው ያልፋል፣ ድራይቨሩ ከኋላ እየተከተለ የሞላውን አንስቶ ባዶ ይተካል። አላዋቂ ድራይቨር የሞላውን መጀመሪያ ያነሣል፣ ከዚያ ምትክ ይጠይቃል፤ ምትክ ሲያጣ ቦታው ባዶ ይቀራል። ሚሞሪ ለጥቂት ጊዜ ሲጠፋ 256ቱም ባዶ ይሆናሉ። በዚያች ደቂቃ አንድ አስከፊ ነገር ይፈጠራል፦ ካርዱ የሚጽፍበት ስለሌለው ፓኬት አይቀበልም፣ ፓኬት ስላልተቀበለ ኢንተራፕት አይልክም፣ ኢንተራፕት ስላልመጣ ድራይቨሩ ተመልሶ ሚሞሪ አይጠይቅም። ሚሞሪው በኋላ ቢትረፈረፍ እንኳ ኔትወርኩ በዚያው ሞቶ ይቀራል። ሰዎች ገመዱን ነቅለው ሲሰኩት «ተሠራ» የሚሉት አንዳንዱ ብልሽት ይኸው ነው፤ መንቀል መሰካቱ አንዳንድ ድራይቨሮችን እንደ አዲስ ያስነሣቸዋል።

ጨዋ ድራይቨር ቅደም ተከተሉን ይገለብጠዋል። መጀመሪያ ምትክ ይጠይቃል። ካገኘ የሞላውን አንስቶ ወደ ላይ ይሰጣል። ካላገኘ ያንን ፓኬት ይጥለዋል፣ በፈሩን ግን እዚያው መልሶ ለካርዱ ይሰጣል። አንድ ፓኬት ጠፋ፤ ቲሲፒ የሚባለው የኢንተርኔት መላላኪያ ደንብ ደግሞ የጠፋ ፓኬት መኖሩን ሲያውቅ ላኪው እንደገና እንዲልክ ያደርጋል። ኢንተርኔት የተሠራው ፓኬት ይጠፋል ተብሎ ታስቦ ነው፤ ስለዚህ አንድ ፓኬት መጣል ነውር የለውም፣ ሪንጉን ባዶ ማድረግ ግን ነውር ነው። ከርነል 4.18 በ2018 ሲወጣ ፔጅ ፑል የሚባል የጋራ መሣሪያ ይዞ መጥቷል፤ ድራይቨሮች የተጠቀሙባቸውን ነጠላ ገጾች ለአዳዩ ሳይመልሱ ደጋግመው እንዲሠሩባቸው ያስችላል። ያልተጠየቀ ሚሞሪ አይከለከልም።

እርማት ከተደረገ በኋላ የሚፈተንበት መንገድም ጥንቃቄ ይፈልጋል። ማሽኑን አጥፍቶ አስነሥቶ ፋይል ገልብጦ «አሁን ይሠራል» ማለት ምንም አያረጋግጥም፤ ገና የተነሣ ማሽን ሚሞሪው አልተበታተነም፣ ያልታረመውም ድራይቨር በዚያ ሰዓት ይሠራል። ማሽኑ መጀመሪያ ለቀናት የተለመደ ሥራውን ይሥራ። ከዚያ በዲኢንፎ ይታይ፤ የኦርደር 3ና ከዚያ በላይ ያሉት ቁጥሮች ወደ ዜሮ ሲጠጉ፣ ያኔ ትልቁን ፋይል መገልበጥ ነው። ጎን ለጎን ኢተርቱል በሚባለው መሣሪያ የድራይቨሩን ቆጣሪዎች መከታተል ይገባል፤ ብዙ ድራይቨሮች በፈር ስንት ጊዜ እንዳጡ ለብቻው ይቆጥራሉ። ቆጣሪው ባለበት ከቆመ፣ ሎጉም ጸጥ ካለ፣ አራተኛዋ ቁጥር ዜሮ ሆና ሳለ ኔትወርኩ ከቀጠለ፣ ያኔ እርማቱ ትክክለኛውን ቦታ አግኝቷል።